ማልታ ላይ በኤሌክትሪክ ሙያዬ ለመሥራት የትኛውን ስልጠና ልያዝ?

ጥያቄ (ከምሲዳ)

ሰላም ወገኖቼ። ማልታ ነው ያለሁት፣ ሰብሲዲያሪ የሚባለው የጥበቃ ፈቃድ አለኝ። አገር ቤት በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሕንጻ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ተምሬ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘናም አልፌያለሁ። ከዚያ አዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ላይ ሠርቻለሁ። እዚህ ግን ከመጣሁ ጀምሮ ሆቴል ውስጥ ሰሃን አጣቢ ነኝ። ሥራ አላጣሁም። አንዱን ብለቅ ሌላ አገኛለሁ፣ ግን የማገኘው ሁሉ ያው ነው።

ጓደኞቼ በሁለት ተከፍለዋል። ግማሾቹ የአረጋውያን እንክብካቤ ተማር፣ ፈላጊው ብዙ ነው ይሉኛል። ግማሾቹ ደግሞ ጆብስፕለስ የሚባለው የመንግሥት የሥራና ሠራተኛ መሥሪያ ቤት ሄደህ የኤሌክትሪክ ኮርስ ያዝ ይላሉ። እንግሊዝኛዬ ለመግባባት ይበቃል፣ ማልትኛ ግን አልችልም። ዋናው ዲፕሎማዬ እናቴ ጋ ነው ያለው። ቀን ስለምሠራ መማር የምችለው ማታ ብቻ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ (ከፓዎላ)

ወንድሜ፣ እኔም በዚሁ ሙያ ነኝ። እጅህ ላይ ያለውን ሙያ አትጣል። አዲስ ነገር ከዜሮ ከመጀመርህ በፊት የምታውቀውን እዚህ አገር በሚታወቅ ወረቀት አስመስክር።

መጀመሪያ የማልታን አሠራር ልንገርህ። እዚህ ኤሌክትሪክ መዘርጋት የፈለገ ሰው ብድግ ብሎ የሚሠራው ሥራ አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው የኢነርጂና ውሃ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነው። ፈቃዱ ሁለት ደረጃ አለው። ኤ የሚባለው ለሲንግል ፌዝ ነው፣ ቢ የሚባለው ደግሞ ለስሪ ፌዝ። ፈቃድ እስክታወጣ ድረስ ፈቃድ ባለው ሰው ሥር ሆነህ ትሠራለህ፣ ሥራውን የሚፈርምበትም እሱ ነው። ወደ ኤ የሚወስዱ ኮርሶች ጆብስፕለስም ኤምካስት የሚባለው የሙያ ኮሌጅም ዘንድ አሉ። ኤምካስት እዚሁ ፓዎላ ነው፣ የማታ ኮርሶችም አሉት። የጆብስፕለስ ኮርሶች ብዙዎቹ በነጻ ናቸው። ዋና ቢሮውም ማሰልጠኛውም ሐል ፋር ነው። አውቶቡሱ አያስጨንቅህ፣ በስምህ የወጣ ታሊንያ የሚባል የአውቶቡስ ካርድ ካለህ ከ2022 ጀምሮ ነጻ ነው።

«አውቀዋለሁ፣ ምን ያስተምሩኛል?» እንዳትል። እዚህ የሚሠራው በእንግሊዝ ደንብ ነው። መሰኪያው ባለ ሦስት ጥርስ ሲሆን ውስጡ ፊውዝ አለው። የቤት ሶኬቶችን አብዛኛውን ጊዜ የምታገኛቸው በሪንግ ተዘርግተው ነው። ገመዱ ከብሬከሩ ይነሣል፣ ሶኬቶቹን ያዳርሳል፣ ተመልሶ እዚያው ብሬከር ላይ ይታሰራል። እኛ አገር የለመድነው ከአንዱ ወደ ሌላው ሄዶ መጨረሻው ላይ የሚቆመውን ነው። ሪንጉ መሐል ላይ ቢበጠስ ሶኬቶቹ ሁሉ እየሠሩ ይቀጥላሉ፣ ጭነቱ ግን በአንድ ወገን ይሆንና ገመዱ ይግላል። ቴስተር ይዘህ ጫፍና ጫፉን ካልለካህ አታውቀውም። ፈተናው ላይ የአገር ቤት ልጆችን የሚጥላቸው ይሄ ልኬት ነው። እጃቸው ጎበዝ ነው፣ የሙከራ ወረቀት መሙላት ግን አልለመዱም።

ሌላም መንገድ አለ። ጆብስፕለስ ትሬድ ቴስት የሚባል ምዘና አለው። በሥራ ያካበትከውን ችሎታ በፈተና አይተው ሰርተፍኬት ይሰጡሃል፣ ክፍል ገብተህ መቀመጥ አይጠበቅብህም። በአንተ ሙያ መቼ እንደሚፈትኑ ሄደህ ጠይቅ።

መልስ (ከስሊማ)

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ሥራ እየበዛልህ ለምን እንደማታድግ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ማልታ ጠቅላላ ስፋቷ 316 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1979 እስኪወጣ ድረስ ብዙ ሰው የሚበላው ከጦር ሰፈሩና ከመርከብ ጥገናው ነበር። ከዚያ የልብስ ፋብሪካዎች ተራ ሆነ፣ እነሱም ርካሽ ጉልበት ወዳለበት ሄዱ። የመርከብ ጥገናውም በ2010 ከመንግሥት እጅ ወጣ። አሁን ደሴቲቱ የቆመችው በቱሪዝም፣ በኦንላይን ጌሚንግ፣ በፋይናንስና በግንባታ ነው። በ2024 ብቻ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ቱሪስት ገብቷል። ያን ሁሉ እንግዳ የሚያስተናግደው እጅ ከውጭ ነው የመጣው። በ2011 ቆጠራ የውጭ ዜጋው 20 ሺህ ገደማ ነበር። በ2021 ቆጠራ ግን ከ519,562 ነዋሪ 115,449ኙ የውጭ ዜጋ ሆነ። በአሥር ዓመት ከአምስት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ስለዚህ አሠሪው ሰሃን የሚያጥብ ሰው ሲጎድለው አዲስ ሰው ያስመጣል እንጂ አንተን አያሠለጥንም። ያሳዝነኛል፣ ጎበዝ ልጆች እዚያው ማጠቢያው ጋ ሲያረጁ አያለሁ። ይሁን እንጂ ነፋሱ እየተለወጠ ነው። በቱሪዝም ሥራ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ አዲስ የሚመጡትን ስኪልስ ፓስ የሚባል የችሎታ ማረጋገጫ አውጡ ማለት ተጀምሯል። በ2025 ይፋ የሆነው የሠራተኛ ፍልሰት ፖሊሲም ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ የሚቀያይሩ ድርጅቶች ከውጭ ሌላ ሰው እንዳያመጡ ያጠብቃል። ይሄ እዚሁ ላለ፣ ወረቀቱ ለተስተካከለ ሰው ጥሩ ነው።

በአንተ ሙያ ደግሞ ሥራ አለ። በሐምሌ 2023 ሙቀት የመሬት ውስጥ ኬብሎች ተቃጥለው ብዙ መንደር ለቀናት መብራት እንዳጣ ሰምተህ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሁሉ ለአዲስ ኬብል ይቆፈራል። ፋብሪካም አትናቅ። ኪርኮፕ የማይክሮቺፕ ፋብሪካ አለ፣ ሐል ፋር ፕሌይሞቢል አለ። ማሽን የሚጠግን ኤሌክትሪሺያን ይፈልጋሉ።

መልስ (ከሞስታ)

እኔ እንክብካቤ ላይ ነኝ፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ወገን ልናገር። ሥራው በእርግጥ አለ፣ ክረምት ከበጋ አይቆምም። ነገር ግን ፈላጊው ስለበዛ ብቻ ባትገባበት እመክርሃለሁ ወንድሜ። ሰው ማንሳት፣ ማጠብ፣ ሌሊት መንቃት አለው። ማልትኛ የለኝም ብለሃል፤ እዚህ ጋ ትቸገራለህ። አለቆቹ እንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ አሮጊቶቹ ግን ሲታመሙ የሚመጣላቸው ማልትኛ ነው። ሌሊት «ኢልማ» እያሉ ሲጣሩ ውሃ እንደጠማቸው ካልገባሽ ተረኛ መሆንሽ ምን ይጠቅማቸዋል? ልብህ ያለው ሽቦው ላይ ከሆነ እዚያው ሂድ።

ማልትኛውን ግን በየትኛውም መንገድ ተማር። አይ ቢሎንግ የሚባለው የመንግሥት ፕሮግራም እንግሊዝኛና ማልትኛ በነጻ ያስተምራል። አምስት ዓመት ሞልቶህ የረጅም ጊዜ መኖሪያ ስትጠይቅም የማልትኛ ውጤት ይፈልጉብሃል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሁለት ነገር ላክል። አንደኛ፣ ከዚህ በፊት አንድ የግንባታ ሥራ ላይ አራት ወር ያህል ሠርቼ አሠሪው እንዳላስመዘገበኝ በኋላ ነው ያወቅሁት። ያ ልምድ ይቆጠርልኛል? ሁለተኛ፣ ዲፕሎማዬን ለማረጋገጥ ኤምባሲ መሄድ አለብኝ?

መልስ (ከቫሌታ)

በወረቀት ጉዳይ ሰዎችን ስለማግዝ ይሄን ልመልስ።

ጆብስፕለስ ሄደህ የሥራ ታሪክህን አትመው እንዲሰጡህ ጠይቅ። አሠሪ ሰው ሲቀጥር የመግቢያ ፎርም፣ ሲያሰናብት ደግሞ የመውጫ ፎርም ያስገባል። ያ ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ በቀን ተጽፎ ይወጣል። አራቱ ወር ከሌለበት በመንግሥት ዓይን አልሠራህም፣ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮህም አልገባም ማለት ነው። የሥራ ፎቶ፣ መልእክት፣ በባንክ የገባ ክፍያ ካለህ ሰብስበህ ጄአርኤስ ወይም አዲቱስ ዘንድ ሂድ። ሁለቱም ስደተኞችን በሕግ የሚያማክሩ ናቸው። ከእንግዲህ ግን አዲስ ቦታ ስትገባ በመጀመሪያው ሳምንት ፎርሙ መግባቱን እዚያው ጆብስፕለስ አጣራ። የሥራ ፈቃድህ በራስህ ስም ስለሆነ አሠሪ «ፈቃድህን አሰርዛለሁ» ብሎ ቢያስፈራራህ አትደንግጥ።

ኤምባሲውን በተመለከተ ቶሎ አትሂድ። ጥበቃ የተሰጠህ ከመንግሥት ሸሽተህ ከሆነ ከኤምባሲ ጋር መገናኘትህ ጉዳይህን ሊነካው ይችላል። መጀመሪያ የሕግ አማካሪ ጠይቅ። እናትህ ዲፕሎማውን፣ ትራንስክሪፕቱንና የሲኦሲውን ሰርተፍኬት አጥርተው ስካን አስደርገው ይላኩልህ። እሱን ይዘህ ኤምኩሪክ ለሚባለው የማስረጃ አቻ ግምት ቢሮ ታመለክታለህ። እዚያ ያንተ ትምህርት በማልታ ደረጃ ስንተኛው ላይ እንደሚውል ይነግሩሃል። ጥበቃ እንዳለህና ዋናውን ማምጣት የማትችልበትን ምክንያት በደብዳቤ ግለጽ።

መልስ (ከሐል ፋር)

አጭር ነገር። ማርሳ አደባባይ ቆመው የቀን ሥራ የሚጠብቁትን ታውቃቸዋለህ። «ኤሌክትሪሺያን ነኝ» ብለህ እዚያ አትቁም። ለባለ ኤሌክትሪክ የሰሃን አጣቢ ዋጋ ይከፍሉሃል፣ አደጋ ቢደርስ ተጠያቂ የለም። በ2022 መጨረሻ ኮርዲን ላይ በግንባታ ላይ የነበረ ሕንጻ ተደርምሶ ዣን ፖል ሶፊያ የሚባል የ20 ዓመት የማልታ ልጅ ሞቷል፣ ምርመራውም ስንት ጉድ አወጣ። እነሱ ለራሳቸው ልጅ እንደዚያ ከሆኑ ለእኛ ማን አለን?

ጠያቂው

ገብቶኛል። ነገ ጠዋት ፈረቃ የለኝም፣ ሐል ፋር ሄጄ የሥራ ታሪኬን አወጣለሁ፣ የትሬድ ቴስቱንም ቀን እጠይቃለሁ። እናቴ ወረቀቶቹን የሰፈር ልጅ ይዛ ስካን ልታስደርግ ተስማምታለች። የፓዎላው ወንድሜ፣ የምትችል ከሆነ ያን የሙከራ ወረቀት አንድ ባዶ ኮፒ ላክልኝ፣ ቤት ሆኜ መሙላት ልለማመድ።

መልስ (ከፓዎላ)

በውስጥ ልኬልሃለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት እረፍት ከሆንክ ቴስተሬን ይዤ እመጣለሁ፣ ምሲዳ አንድ የማውቀው ቤት እድሳት ላይ ነው። ሪንጉን አብረን እንለካዋለን።