ክርክር፦ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይማር ወይስ ለብቻው?

የከዚራዋ እናት
ሰላም የድሬ ልጆች፣ የሐረርም። ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት ከተነገረን ሦስት ዓመት ሆነ። መስከረም ላይ እዚሁ ሰፈራችን አንደኛ ክፍል አስገባሁት። በሦስተኛው ሳምንት ተጠራሁና "ለሱ የሚሆን ቦታ ፈልጊለት" ተባልኩ። ነገሩ ደወሉ ነው። ሲደወል ጆሮውን ይዞ ዴስክ ስር ይገባል፣ ይጮኻል። አንድ ቀን የጎኑን ልጅ ገፍትሮ ጣለው። እናትየዋን ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ቤት ግን ሌላ ልጅ ነው። በረንዳ ላይ ቆርኪ ይደረድራል፤ ቀዩን ከቀይ፣ ቢጫውን ከቢጫ። አንዷን ብታነሱበት ወዲያው ያውቃል። ውኃ ሲጠማው አይናገርም፤ እጄን ይጎትትና ጆጉ ላይ ያስቀምጠዋል። ባለፈው ወር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ "ቢሻን" አለ፤ በኦሮምኛ ውኃ ማለት ነው። ከአያቱ የለቀማት ናት። የዚያን ቀን አልቅሻለሁ።

አንዳንዱ "ታገዪ፣ እዚያው ይማር" ይለኛል። አንዳንዱ ደግሞ "ልጁን አታሰቃዪው፣ ለብቻው ይማር"። እናንተስ?

መምህሩ፣ ከሳቢያን
እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። 58 ልጅ አለኝ፣ ረዳት የለኝም። ያንቺ ልጅ ዴስክ ስር ሲገባ እኔ ምን ላድርግ? አብሬው ብቀመጥ 57ቱ ይበተናሉ፤ ብተወው ደግሞ ልጁ ቀኑን ሙሉ በፍርሃት ይውላል። መግባት ሌላ፣ መማር ሌላ። እኔ ለሱ የሠለጠነ ሰው ያለበት፣ አምስትና ስድስት ልጅ ብቻ የሚይዝ ክፍል ይሻለዋል ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ውስጥ ስንት ቋንቋ ነው የምታወሩት? አማርኛውም ኦሮምኛውም ሶማሊኛውም ከሆነ ልጁ ግራ ይጋባል። አንዱን ብቻ ምረጡለት።

የጀጎሏ እህት
መምህር፣ አከብርሃለሁ፣ ግን የኔን ስማ። ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። ልጅ እያለ ሁለት ዓመት ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተምሮ ከዚያ አስወጡት። ፊደል እንኳ በወጉ አልያዘም፣ አልዋሽም። ግን በነዚያ ሁለት ዓመታት አጠገቡ የተቀመጡት ልጆች ዛሬ አድገዋል። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ሱቅ አላት።

ወንድሜ በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ ከኤረር በር እስከ ጊዲር መጋላ ይሄዳል። ግድግዳውን በጣቱ እየዳሰሰ ነው የሚሄደው። አምና አንድ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ሌባ መስሎት አንገቱን ያዘው። ወንድሜ ስሙን ሲጠየቅ አይመልስም፤ ሰውን ዓይን ለዓይን አያይም፤ ሲነኩት ይጮኻል። ይህን ለማያውቅ ሰው ሌባ ይመስላል። ያዳነው ባለባጃጁ ነው። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወርዶ "ልቀቀው፣ እሱ የኛ ነው!" አለ። የት ነው የሚያውቀው? ያኔ አንድ ዴስክ ላይ ነበሩ። ለብቻው ቢማር ኖሮ ማን ያውቀው ነበር?

የገንደ ቆሬው አባት
አቦ፣ አንጀቴን በላሽው። ግን እኔ በሌላው በኩል ነኝ። ልጃችን አምስት ዓመት ሲሞላት አዲስ አበባ እህቴ ጋ ወስጄ የኦቲዝም ማዕከል አስገባኋት። ዘሚ የኑስ ልጇ ኦቲዝም እንዳለበት ካወቀች በኋላ ጆይ ማዕከልን ከከፈተች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ከሷ በኋላ ነህምያ የሚባለው ማዕከልም ተከፈተ። ልጄ እጇን መታጠብ፣ ልብሷን መልበስ፣ ሥዕል ጠቁማ ዳቦ መጠየቅ የተማረችው ማዕከል ገብታ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋውን ግን ከፍለናል። ሁለት ዓመት እናቷ እዚያ፣ እኔ እዚህ። ስትመለስ ታናሽ ወንድሟን ረስታው ነበር።

ጋሼ ከመጋላ
በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ ጓዳ ነበር የሚውለው። አሁን ስለ ትምህርት መከራከራችሁ ራሱ ደስ ይለኛል። ጠበሉም ዱዓውም አይቅር። የሰፈር ሰው ግን "እናትየው ሥራ እየዋለች፣ ልጁ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ ነው እንዲህ የሆነው" ይላል። እስቲ የምታውቁ ንገሩን።

ነርሷ፣ ከሐረር
ጋሼ፣ ስለጠየቁ እግዜር ይስጥልኝ። ኦቲዝምን ቴሌቪዥን አያመጣውም፣ እናትም አታመጣውም። የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው፤ ብዙው ከውልደት በፊት ይጀምራል፣ በዘርም ይተላለፋል። ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. 11 ልጆችን አይቶ ስለ ኦቲዝም ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሐኪሞች ራሳቸው "የእናት ፍቅር ስላጡ ነው" እያሉ እናቶችን አሳቀቁ። ውሸት ሆኖ ተገኘ፣ ተተወ። እኛ ሰፈር ግን ዛሬም አልተተወም፤ ይሄ ያናድደኛል።

መምህር፣ ስለ ቋንቋው ተሳስተሃል። በሁለት ቋንቋ ያደጉ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በአንድ ቋንቋ ካደጉት ይበልጥ ንግግራቸው እንደማይዘገይ ጥናቶች አሳይተዋል። ደግሞ ድሬ ላይ አንድ ቋንቋ ምረጥ ማለት ምን ማለት ነው? ልጁ ከአፉ የወጣችው ቃል የአያቱ ናት። ኦሮምኛውን ብትከለክሉት አያቱን ነው የምትከለክሉት።

ስለ ደወሉም፦ ጥጋብ አይደለም። ለብዙዎቹ ድምፅ፣ መብራት፣ የልብስ ክር እንኳ ሕመም ነው። እኛ የማንሰማውን እሱ ይሰማል፣ እኛ የምንለምደውን እሱ አይለምድም። ግንቦት ላይ በድሬ ሙቀት ቆርቆሮ ስር ከ58 ልጅ ጋር ሲሆን አስቡት።

መምህሩ፣ ከሳቢያን
የቋንቋውን ተቀብያለሁ፣ አላውቅም ነበር። ዋናው ጥያቄዬ ግን እዚያው ነው። ረዳት ማን ይቀጥር? ማን ይክፈል?

የጀጎሏ እህት
አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አንቀጽ 24 ልጁ ከሌሎች ጋር እንዲማር፣ የሚያስፈልገውም እንዲመቻችለት ያዛል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ስለዚህ ረዳት የእናትየዋ ዕዳ አይደለም።

መምህሩ፣ ከሳቢያን
ወረቀቱ ልክ ነው። ነገ ጠዋት ግን ክፍል የምገባው ብቻዬን ነው።

የገንደ ቆሬው አባት
መምህር እውነቱን ነው። ታዲያ ግማሽ ቀን ቢሆንስ? ሁለት ሰዓት ከልጆቹ ጋር፣ የቀረውን ቤት። እኛ አሁን እንደዚያ ነን። አክስቷ አጠገቧ ትቀመጣለች። ፍጹም አይደለም፤ አክስቷ ስትታመም ልጄም ትቀራለች።

የከዚራዋ እናት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ባጃጁ ያነበብኩትን ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። የኔ ልጅም ነገ መንገድ ላይ ብቻውን ሲሆን የሚያውቀው ሰው እፈልጋለሁ። መምህር፣ አንተንም ሰምቼሃለሁ፤ ታናሽ እህቴ እስከ ጥር ድረስ አብራው ልትቀመጥ ተስማምታለች፣ ከጥር በኋላ ያለውን አላውቅም።

ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ጋ እገባለሁ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ልጄ እስከ ሻይ ሰዓት ብቻ ይማር። ደግሞ ከመደወሉ አምስት ደቂቃ በፊት ከአክስቱ ጋር ይውጣ፣ ኒሙ ዛፍ ስር ቆሞ ይጠብቅ። ከቤት ሞክረነዋል፤ ከሩቅ ሲሰማው ጆሮውን ይይዛል እንጂ አይጮኽም።

መምህሩ፣ ከሳቢያን
ከገባሽ በኋላ የክፍሉን መምህር ለብቻ አነጋግሪ። ስለ ቆርኪውም ንገሪው። እኔ ብሆን ቁጥር በዚያ ነበር የማስጀምረው።