በማኅበራችን ግሩፕ የሚዞረውን «የባሕታዊ መልእክት» በምን እንመርምረው?

ጠያቂ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። የማርያም ማኅበራችን ቴሌግራም ላይ አንድ የድምፅ መልእክት እየዞረ ነው። ተናጋሪው ስሙን አይናገርም፣ «አንድ ባሕታዊ ነኝ» ብቻ። እስከ ኅዳር ጽዮን ከተማውን ለቃችሁ ውጡ፤ ቴዎድሮስ የሚባለው ንጉሥ ሊነሣ ነው፤ ፀበል የጀመረ መድኃኒት ያቁም፤ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ቡና አትጠጡ፣ ከቅሬውም (ከዕድሩ) ውጡ ይላል። መጨረሻ ላይ የባንክ ቁጥር አለ። ከ12ታችን ግማሹ አምኗል፣ አንዲት እናት የግፊት ኪኒናቸውን አቁመዋል። «ሐሰት ነው» ስንል «ትንቢት ትንቃላችሁ» እንባላለን። ከየት እንጀምር?

መልስ 1 (ኮምቦልቻ)
ከኪኒኑ ጀምሩ፣ ዛሬውኑ። ግፊት አያምም፤ ሲያቆሙት ሳምንት ሁለት ሳምንት ደህና ይመስላሉ፣ «ተፈወስኩ» ይባላል፣ ከዚያ ድንገት ስትሮክ ሊመጣ ይችላል። ፀበሉን ይጠጡ፣ ኪኒኑንም ይዋጡ። መጽሐፈ ሲራክ 38ን አንብቡላቸው፤ ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል፣ ሲራክ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው 81 መጻሕፍት አንዱ ነው። ጭንቀታቸው ጾሙ ከሆነ የመዋጫውን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ያስተካክሉ፤ የንስሐ አባት በሽተኛን ከጾም ያሳርፋል።

«ትንቢት ትንቃላችሁ» ለሚለው፦ 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20 ትንቢትን አትናቁ ይላል፣ እውነት ነው። ቁጥር 21 ግን ሁሉን ፈትኑ፣ መልካሙን ያዙ ይላል። አብራችሁ አንብቡት።

ቀኑን በተመለከተ ጸሐፊው መልእክቱ የመጣበትን ዕለትና ቃሉን እንዳለ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ያስፍር። ለምን? ኅዳር 21 ካለፈ በኋላ «በጸሎት ተራዘመ» የሚል ሌላ ድምፅ ይመጣል፣ የፊተኛውን በቃል የሚያስታውስ አይኖርም። ነቢይ የተናገረው ካልተፈጸመ እግዚአብሔር የተናገረው አይደለም የሚለው ዘዳግም 18፥22 የሚሠራው የተባለው ነገር ተጽፎ ከተያዘ ነው። አንዱ ተነሥቶ ነነዌን መጥቀሱ አይቀርም። ነነዌ የተረፈችው በንስሐ ነው፤ ዮናስ ግን ስሙም ላኪውም የታወቀ ነበር፣ ሂሳብ ቁጥርም አልሰጠ። «በበረሃ ነው ቢሉአችሁ አትውጡ» የሚለውን ማቴዎስ 24፥26ንም አትርሱ፣ ለስም የለሽ ባሕታዊ የተጻፈ ነው የሚመስለው።

መልስ 2 (ሐይቅ)
የቴዎድሮሱ ነገር አዲስ አይደለም። ምንጩ ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው የትንቢት መጽሐፍ ነው፣ ከ81ዱ መጻሕፍት አይቆጠርም። ደጃች ካሣ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ቴዎድሮስ የተባሉት በዚሁ ትንቢት ነው። መጨረሻቸው ሩቅ አይደለም፣ እዚሁ ወሎ መቅደላ ላይ ነው፣ ሚያዝያ 1860። አገር ሲናወጥ ሰው ይህን ስም ይፈልጋል፣ አይፈረድበትም። ግን ቀኖና ባልሆነ መጽሐፍ ቤት ሸጦ መሰደድ ሌላ ነገር ነው። ጥያቄው «ንጉሥ ይነሣል ወይ?» ሳይሆን «ይህ መልእክት ዛሬ ምን አድርጉ ይላል?» ይሁን። ንስሐ ግቡ፣ የታረዘውን አልብሱ ካለ ከማንም ይምጣ ይደረጋል። ሽሹና ገንዘብ ላኩ ብቻ ካለ ፍሬው ታወቀ።

መልስ 3 (ወልድያ)
ቡናውና ቅሬው ላይ አንድ ነገር ለዩ። ዶግማ፣ ማለት መሠረተ እምነቱ፣ አይለወጥም። ቀኖናን፣ ማለት የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት፣ የሚያሻሽለው ሲኖዶስ ነው። ልማድ ደግሞ የአገር ነው። በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱን እርድ ይበላል፣ ሠርግ ላይ ወጡ ለየብቻ ይሠራል፤ ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አይቀየምበትም። ቡና ግን ሥጋ አይደለም። ቅሬም ሬሳ ማንሻ ነው። «ውጡ» የሚል ሰው የትኛውን ቀኖና እንደሚጠቅስ ጠይቁት፣ አንቀጹን ያሳይ።

እዚያው አጠገባችሁ ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ክርክር ሲደረግ ሊቃውንቱ በአደባባይ፣ በስማቸው፣ መጽሐፍ ገልጠው ነው የተከራከሩት። ከጉባኤው በኋላ የወሎን ሙስሊም በግድ ማጥመቁ ግን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም የሆነ ሰው አተረፈ። ጎረቤትን በማስፈራራት የሚመጣ ሃይማኖት ምን እንደሚያፈራ ወሎ ሌላ ቦታ ሄዶ መጠየቅ የለበትም።

መልስ 4 (ደሴ)
ስለ ገንዘቡ፦ ደብር ገንዘብ ሲሰበስብ በሰበካ ጉባኤው በኩል፣ በሞዴል 64 ደረሰኝ ነው። ሂሳቡ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ካልሆነና በግለሰብ ስም ከሆነ እዚያው አቁሙ። ገዳም ነኝ ካለ የገዳሙን ስም ተቀበሉና ሀገረ ስብከቱ ቢሮ ጠይቁ።

ድምፁን «ተመልከቱ ይህን ውሸት» ብላችሁም አትላኩ፣ ሥርጭቱን ነው የምታግዙት። ግሩፑ ላይም አትከራከሩ፤ በጽሑፍ የተሸነፈ ሰው በጽዋው ቀን አይመጣም።

ጠያቂ (ደሴ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኪኒኑን ልጃቸው ዛሬ ማታ ሊያስጀምራቸው ነው። የንስሐ አባታችን ግን የተለያየ ነው፣ ማንን እናምጣ?

መልስ 1 (ኮምቦልቻ)
ጽዋችሁን የሚባርኩትን ቄስ። ከጽዋው ቀን በፊት ሁለት ሰው ሄዶ ድምፁን ያሰማቸው፣ መዝገቡንም ያሳያቸው፤ እዚያው በድንገት ከሰሙት ተቆጥተው ይናገራሉ፣ ያመኑትም ይበልጥ ይጠነክራሉ።