ዊንዶውስ 10 አብቅቷል፤ ስድስት ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ምን ይደረጉ?

ባለስድስቱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አነስተኛ የሂሳብና የጽሕፈት ቢሮ ውስጥ ስድስት ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 አሉ። ሁሉም ኮር አይ5-6300ዩ፣ 8 ጊጋ ራም። አራቱ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ አላቸው፤ ሁለቱ ገና 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው። የተጫነው ዊንዶውስ 10 ፕሮ 22ኤች2 ነው። ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025) ስላበቃ መፍትሔ እየፈለግሁ ነው። ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባለው የማይክሮሶፍት መፈተሻ ደግሞ ለዊንዶውስ 11 አይሆንም ይላል።

ሁለቱ ላይ ፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራሙ) አለ። የቀሩት ወርድ፣ ኤክሴል፣ ክሮም፣ ቴሌግራም ብቻ ነው የሚሠሩት፤ አማርኛ በፓወር ግዕዝ ይጻፋል። ኢንተርኔቱ በፓኬጅ ነው። ቲፒኤሙን (የደኅንነት ቁልፍ የሚይዘውን ቺፕ) ወደ 2.0 ብቀይረው ዊንዶውስ 11 ይቀበለኛል? ካልሆነ በሩፈስ (ፍላሽ ላይ መጫኛ በሚጽፈው ፕሮግራም) አስገድጄ ልጫን፣ ባለበት ልተወው ወይስ ሊኑክስ ልግባ?

ኤፍ10፦

ቲፒኤሙን አትንካው። እርግጥ 840 ጂ3 ላይ ያለውን ቲፒኤም 1.2 በኤችፒ ፈርምዌር ወደ 2.0 ማሳደግ ይቻላል፤ የሚጥልህ ግን ፕሮሰሰሩ ነው። የማይክሮሶፍት ዝርዝር ከጥቂት የ7ኛ ጀነሬሽን ቺፖች በቀር የሚጀምረው ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን ነው። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 6300 የመጀመሪያ ቁጥሩ 6 ነው፤ 6ኛ ጀነሬሽን ማለት ነው። ስለዚህ ቲፒኤሙን ብታሳድገውም ፒሲ ሄልዝ ቼክ ያው «አይሆንም» ይልሃል። በዚያ ላይ ማሳደጉ በቲፒኤሙ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ሁሉ ያጠፋል። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ለጊዜው ሳይታገድ ከተደረገ ማሽኑ ሲነሳ ባለ 48 አሃዝ ሪከቨሪ ኪ ይጠይቃል፤ እሱ የትም ካልተጻፈ ፋይሉን እርሳው።

ፒችትሪ ያለባቸውን ሁለቱን ዊንዶውስ 10 ላይ አቆያቸው፤ ኢኤስዩ በሚባለው ተጨማሪ የሴኪዩሪቲ አፕዴት አስመዝግባቸው። ለግለሰብ ተጠቃሚ እስከ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13፣ 2026 (ጥቅምት 3 ቀን 2019) ድረስ ነው። 30 ዶላር፣ ወይም 1000 የማይክሮሶፍት ሪዋርድስ ነጥብ፣ ወይም ደግሞ በዊንዶውስ ባክአፕ ሰቲንግህን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ሲንክ ማድረግ፤ በሦስተኛው መንገድ ምንም አትከፍልም። ዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለው እሱ ይበቃል። አገባቡ፦ ሰቲንግስ፣ አፕዴት ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ዊንዶውስ አፕዴት፤ በቀኝ በኩል ወይም ከአፕዴት ቁልፉ ሥር «ኢንሮል ናው» የሚል ታገኛለህ። የማይታይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፦ የቆዩ አፕዴቶች አልተጫኑም፣ የገባህበት አካውንት አድሚን አይደለም፣ ወይም ማሽኑ ዶሜይን (በሰርቨር የሚተዳደር የድርጅት ኔትወርክ) ውስጥ ነው። አንድ ምዝገባ በአንድ አካውንት እስከ 10 ማሽን ይሸፍናል።

ሰማያዊ ስክሪን፦

እኔ በኤፍ10 ሐሳብ አልስማማም። ኢኤስዩ የአንድ ዓመት ማስታገሻ ነው፤ ከዚያስ? 840 ጂ3 ላይ ዊንዶውስ 11 ይሠራል። ፋይሉን ከማይክሮሶፍት አውርድ (ከ5 ጊጋ በላይ ነው፤ ለስድስቱም አንዴ ብቻ ታወርዳለህ)፤ 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ ፍላሽ ላይ በሩፈስ ጻፈው። «ስታርት» ስትል በሚወጣው ሳጥን የመጀመሪያው ምርጫ የ4 ጊጋ ራም፣ የሴኪዩር ቡትና የቲፒኤም 2.0 ግዴታን ያነሳል። ማሽኑ ሲነሳ የኤፍ9 ቁልፍን ተጭነህ ከፍላሹ አስነሳ፤ ፎርማት አድርገህ ጫን። 24ኤች2 ከወጣ ወዲህ ጨርሶ የማይነሳው ኤስኤስኢ 4.2 እና ፖፕካውንት የተባሉት ትእዛዞች የሌሉት ፕሮሰሰር ነው፤ እንደ ኮር 2 ዱዎ ያለ። 6ኛ ጀነሬሽን ሁለቱም አለው።

አክቲቬሽኑ አያሳስብህ። ማሽኑ ሲመረት ከዊንዶውስ ጋር ከተሸጠ ቁልፉ ባዮሱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሲጫን ራሱ ያነበዋል። «መጀመሪያ ቫይረስ መከላከያውን አጥፋ» የሚል አክቲቬተር (ያለ ፈቃድ ዊንዶውስን የሚከፍት ፕሮግራም) የተጠቀመ ማሽን ካለ እሱን ነው ቀድመህ ፎርማት ማድረግ ያለብህ።

ኤፍ10፦

መጫኑንማ ይጫናል። ችግሩ ከተጫነ በኋላ ነው። የወሩ የሴኪዩሪቲ አፕዴት አብዛኛውን ጊዜ ይመጣል፤ ዓመታዊው ትልቁ እትም ግን በማይደገፍ ማሽን ላይ በራሱ አይመጣም። በየጊዜው ያንን 5 ጊጋ አውርደህ፣ ፍላሽ ጽፈህ፣ ስድስቱንም እየዞርክ በእጅ ታሳድጋለህ። የአንዱ እትም ድጋፍ ደግሞ ለሆምና ለፕሮ 24 ወር ነው፤ ካላሳደግህ ዛሬ ያለህበት ቦታ ትመለሳለህ፣ ያውም ያለ ኢኤስዩ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያነሳው ሜሞሪ ኢንተግሪቲ ነው፤ ጎጂ ኮድ ወደ ዊንዶውስ እምብርት እንዳይገባ የሚከላከለው። እሱን በትንሽ ወጪ የሚያሠራው ኤምቤክ የሚባል የፕሮሰሰር ባሕርይ ከ7ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው የመጣው። 6ኛው ላይ ዊንዶውስ ያንኑ በሶፍትዌር አስመስሎ ይሠራዋል፤ ሁለት ኮር ላላት 15 ዋት ፕሮሰሰር ይህ ይሰማል። ብታጠፋው ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ግን ለደኅንነት ብለህ ወደ 11 ሄደህ የ11ን ዋና መከላከያ አጠፋህ ማለት ነው። ለቤት ጌም ማሽን ይሁን፤ የሰው ሂሳብ ለሚያዝ ቢሮ አልመክርም።

አይኦቲ ኤልቲኤስሲ 2021 (ረጅም ድጋፍ ያለው የዊንዶውስ 10 እትም) የሚል ሰው መምጣቱ ስለማይቀር፦ አዎ፣ ድጋፉ እስከ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2032 ነው። ፈቃዱ ግን ለግለሰብ በችርቻሮ አይሸጥም፤ በየቴሌግራም ቻናሉ የሚዞረው ከአክቲቬተር ጋር ነው።

የፍላሽ ዶክተር፦

ፒችትሪ የሌለባቸውን አራቱን ሊኑክስ ሚንት 22 አድርጋቸው። ድጋፉ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ነው። ለ8 ጊጋ ራም ሲናመን የተባለው እትም ይበቃል፤ ፋይሉ 3 ጊጋ ገደማ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ሁለቱን ሃርድ ዲስኮች አውጣ። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ የትኛውም ሲስተም ቀርፋፋ ነው፤ ሰው ደግሞ የሚወቅሰው ሊኑክሱን ነው።

840 ጂ3 ውስጥ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ቦታም፣ ኤም.2 2280 ሶኬትም አለ። የታችኛውን ክዳን ፍታ፤ ሌላ ነገር ከመንካትህ በፊት የባትሪውን ገመድ ከቦርዱ ንቀል። እግረ መንገድህን ራሙን እይ፦ ሁለት ሶኬት አለ፤ 8 ጊጋው በአንድ ዱላ ከሆነ ሌላ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ጨምርለት። ከጂ2 የተነቀለ ዲዲአር3ኤል አይገባም፤ ጥርሱ ሌላ ቦታ ነው፤ በግድ ከተጫኑት የሚሰበረው የቦርዱ ሶኬት ነው።

ፍላሹ ላይ ተጠንቀቅ። 64 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ ውስጡ 8 ጊጋ የሆነ ሞልቷል። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባለው ፕሮግራም መላውን ጽፎ አንብቦ ይፈትሽልሃል። ከዚያ የወረደውን ፋይል ሻ-256 ቁጥር (ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን የሚያሳየውን መለያ) ሚንት ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያይ። በፓኬጅ ኢንተርኔት ተቆራርጦ የወረደ ፋይል ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ጭነቱ መሐል ላይ ሲቆም ነው፤ ሰው ያኔ ዲስኩ ተበላሸ ብሎ ይቀይራል።

በኤፍ9 አስነሳና ሳትጭን እዚያው ሞክረው፦ ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራ፣ ፕሪንተር። ኤችፒ ፕሪንተር ኤችፒሊፕ በሚባለው ድራይቨር ይሠራል፤ ለኤፕሰን ባለ ታንኮች ኤፕሰን ራሱ የሊኑክስ ድራይቨር ያወጣል። ርካሽ ሌዘሮችን ግን ሳትሞክር አትመን። ጫኙ ዲስኩን ካላየው ባዮስ ውስጥ (ሲነሳ የኤፍ10 ቁልፍን ተጭነህ የምትገባበት) የዲስኩ አሠራር ሬይድ ላይ ይሆናል፤ ወደ ኤኤችሲአይ መልሰው። ዊንዶውሱን አብረህ ልታቆይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ዊንዶውሱን በሴፍ ሞድ እንዲነሳ እዘዝና ከዚያ ቀይር፤ አለዚያ ሰማያዊ ስክሪን ነው የሚጠብቅህ (ስምህን ማንሳቴ አይደለም፣ ወዳጄ)።

«የሴኪዩር ቡት ሰርተፊኬት በ2026 ስለሚያልቅ ማሽኑ አይነሳም» የሚባለውንም አትስማ። የ2011 ሰርተፊኬቶች ጊዜያቸው ከጁን 2026 ጀምሮ ያልፋል፤ ነገር ግን በእነሱ የተፈረመ ቡት ሎደር (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) መነሳቱን አያቆምም። የሚጎድልህ የቡቱ ክፍል አዲስ አፕዴት ነው።

ግዕዝና ዩኒኮድ፦

ፎርማት ከማድረግህ በፊት የአማርኛ ፋይሎቹን ለይ፤ አማርኛ ቢሮ ሊኑክስ ሲገባ የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው። በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ውስጡ አማርኛ አይደለም፤ ፊደሎቹ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የተሳሉ ናቸው። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ከሰነዱ አንድ መስመር ኮፒ አድርገህ ቴሌግራም ላይ ለራስህ ላክ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ከወጣ ዩኒኮድ ነው፤ ፊደሉ የራሱ የአማርኛ ኮድ አለው ማለት ነው። ዝብርቅርቅ ከሆነ አሮጌ ነው፤ ፎንቱ ገና በተጫነበት ዊንዶውስ ላይ እያለህ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መልሰው። ፎንቱን ከዝርዝሩ መርጦ ወደ ኒያላ (የዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት) መቀየር ምንም አያደርግም፤ ከሥር ያለው ኮድ ያው ላቲን ነው።

ዩኒኮድ የሆነውም ቢሆን ገጹ ይዛነፋል። ኒያላ ሊኑክስ ላይ ስለሌለ በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ይተካል፤ የመስመሩ ቁመት ስለሚለያይ በአንድ ገጽ ያለቀው ደብዳቤ ፊርማውና ማኅተሙ ሁለተኛ ገጽ ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ወደ ውጭ የሚወጣውን ሁሉ በፒዲኤፍ ላክ። ለወርድ ፋይል ኦንሊኦፊስ ከሊብሬኦፊስ ይልቅ ቅርጹን ይጠብቃል፤ በተለይ ሠንጠረዥ ሲበዛ።

ለመጻፍ፦ ከሶፍትዌር ማናጀሩ አይባስ-ኤም17ኤን የሚባለውን ጫን፣ ኢንፑት ሜተድ ላይ አይባስን ምረጥ፣ ሎግ አውት ብለህ ተመለስና ከአይባስ ምርጫዎች «አማርኛ፣ ሴራ» ጨምር፤ ሴራ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል በድምፁ መጻፊያ ነው። ሎግ አውት ካላልክ ዝርዝሩ ውስጥ አይታይም። ሴራ ላይ ትንሹ ኤክስ ሽ፣ ትልቁ ቲ ጥ፣ ትልቁ ሲ ጭ ነው፤ ሁለት ነጥብ ሁለቴ ስትመታ ። ይወጣል። ኪቦርድ ሰቲንግ ውስጥ በቀጥታ የሚገኘው «አማርኛ» ግን ሌላ ነው፤ እንደ ሴራ አይሠራም፤ ብዙ ሰው እሱን መርጦ «ሊኑክስ ላይ አማርኛ አይጻፍም» ይላል። ሴራ ካልተመቸ ኪማን በሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ላይ የግዕዝ ፍሮንቲየርን የአማርኛ ኪቦርድ ሞክር።

ባለስድስቱ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። አንዱን ለሙከራ ከዊንዶውሱ ጎን ሚንት ጫንኩበት። ሁለት ነገር ገጠመኝ፦ ከሚንት ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ የዲ ድራይቩን ደግሞ ከሚንት ስከፍተው ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም። ፒችትሪውንስ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ባስገባውስ?

የፍላሽ ዶክተር፦

ሰዓቱ የባትሪ ችግር አይደለም። ሊኑክስ ማዘርቦርዱ ላይ የሚያስቀምጠው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ ዊንዶውስ ያንኑ የአገር ሰዓት መስሎት ያነበዋል፤ የእኛ ልዩነት 3 ስለሆነ 3 ሰዓት ይጎድላል። ሚንት ላይ ታይምዴትሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ «ሴት-ሎካል-አርቲሲ» የሚለውን 1 አድርገው። የዲ ድራይቩ ምክንያት ፋስት ስታርትአፕ ነው፦ ዊንዶውስ ሲዘጋ በግማሽ ይተኛል እንጂ አይጠፋም፤ ሚንት ደግሞ የተኛን ድራይቭ አይነካም፣ ቢነካ ፋይል ይበላሻል። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ» ውስጥ ገብተህ አጥፋው፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ሻት ዳውን።

ኤፍ10፦

ፒችትሪ ቨርቹዋል ቦክስ (ቨርቹዋል ማሽን የሚፈጥረው ፕሮግራም) ውስጥ ይሠራል፤ ራሙን 16 ካደረግህ ብቻ፤ 4ቱን ለውስጠኛው ዊንዶውስ ትሰጣለህ። የኔትወርክ ካርዱን ከሰቲንጉ ንቀለው፤ ኢንተርኔት የማያይ ዊንዶውስ 10 አፕዴት ባያገኝም ያን ያህል አያስፈራም። በዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያሠራው) አትሞክረው፤ ዳታቤዙ ራሱን የቻለ የዊንዶውስ ሰርቪስ ነው፤ ለሂሳብ መዝገብ የሚታመን አይሆንም። ከማዛወርህ በፊት ከፒችትሪው ፋይል ሜኑ ባክአፕ አውጣ፤ የሚወጣውን ፒቲቢ ፋይል በሌላኛው ማሽን ላይ ሪስቶር አድርገህ የመጨረሻዎቹን ደረሰኞችና የባንክ ባላንሱን አስተያይ። ካልገጠመ የቀድሞውን ዲስክ ፎርማት እንዳታደርግ።