አንድ ኮንቴይነር የቀዘቀዘ ዓሣ ለአዲስ አበባ ገበያ ይበዛ ይሆን?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ ለሆቴሎችና ለምግብ ቤቶች ሥጋና ዶሮ የማከፋፍል ነጋዴ ነኝ። ደንበኞቼ አጥንት የሌለው የዓሣ ፊሌቶ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ፓንጋሲየስ የተባለውን ዓሣ ከቬትናም በአንድ ባለ 40 ጫማ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ለማስመጣት አስቤአለሁ። በፕሮፎርማው ላይ የሰፈረው ዋጋ ከዝዋይና ከሐዋሳ ከሚመጣው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ጋር ሲነጻጸር እጅግ የሚያጓጓ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በዓመት በአማካይ አንድ ኪሎ ግራም ዓሣ እንኳ በማይበላበት አገር 25 ቶን የሚጠጋ ፊሌቶ በምን ያህል ጊዜ እንደሚሸጥ መገመት አቅቶኛል። ከጅቡቲ እስከ መጋዘኔ ቅዝቃዜው እንዳይቋረጥስ ምን ማድረግ ይኖርብኛል?

የመጀመሪያ ምላሽ

በጉምሩክ አስተላላፊነት ሙያ ላይ ነኝ። የጉዞውን ነገር በተመለከተ፣ ዓሣው ከፋብሪካ እስከ መጋዘን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ቀዝቅዞ መቆየት አለበት። መርከብ ላይና ወደብ ውስጥ ኮንቴይነሩ ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ ችግሩ የሚመጣው በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ በሚያልፈው የየብስ መንገድ ላይ ነው። የአፋር ሙቀት ለአፍታም ፋታ ስለማይሰጥ፣ መኪናው የራሱ ጄኔሬተርና በቂ ነዳጅ እንዲኖረው፣ ሾፌሩም በየፍተሻ ጣቢያው ሲቆም ጄኔሬተሩን እንዳያጠፋ በውል ማሰር ያስፈልጋል። በካርቶኖቹ መካከል የሙቀት መመዝገቢያ መሣሪያ እንዲቀመጥ አቅራቢውን ይጠይቁ፤ ክርክር ቢነሳ ዋናው ማስረጃዎ እሱ ነው። ኢንሹራንስ ሲገቡም የማቀዝቀዣ ብልሽት በግልጽ መሸፈኑን አንቀጹን ራስዎ አንብበው ያረጋግጡ፤ ተራው የጭነት ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ አይሸፍነውም። የማስገቢያ ፈቃድና የላኪው አገር የጤና ምስክር ወረቀት ደግሞ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ያለቁ ይሁኑ። ደረቅ ዕቃ ወረቀት እስኪሟላ ወደብ ላይ ቢቆይ የሚያስከፍለው ገንዘብ ነው፤ ዓሣ ግን ራሱ ሊበላሽ ይችላል።

ሁለተኛ ምላሽ

የምግብ ጥራት ባለሙያ እንደመሆኔ፣ ከጉዞው በፊት ሊታይ የሚገባው ፕሮፎርማው ነው እላለሁ። ፊሌቶው እንዳይደርቅ ላዩ በስስ በረዶ ይሸፈናል፤ ይህ በልኩ ሲሆን ጠቃሚ ነው። አንዳንድ አቅራቢዎች ግን ሽፋኑን ከጠቅላላው ክብደት 20 በመቶ ያደርሱታል፤ እንዲህ ከሆነ 25 ቶን ብለው ከከፈሉበት ጭነት ውስጥ ዓሣው 20 ቶን ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋው በረዶው ተቀንሶ በሚቀረው የተጣራ ክብደት እንዲሰላ ያድርጉ። ፓንጋሲየስ ውኃ በሚይዝ ፎስፌት የተነከረ ሊሆንም ስለሚችል፣ ናሙና አስመጥተው አቅልጠውና ጠብሰው ምን ያህል እንደሚቀር ይመዝኑ። ዕቃው ሲደርስ ደግሞ ካርቶኑ ሥር የተጋገረ በረዶ ካዩ፣ ዓሣው በመንገድ ቀልጦ እንደገና ሳይቀዘቅዝ አልቀረምና ሳይመረመር አይረከቡት።

ሌላ ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው ነገር አለ። ፓንጋሲየስ ቅርፊት የሌለው፣ ከእኛው አምባዛ ጋር የሚዛመድ ዓሣ ነው። ብዙ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቅርፊትና ክንፍ የሌለውን ዓሣ አይበላም። ቆዳው የተገፈፈ ነጭ ፊሌቶ ግን ከየትኛው ዓሣ እንደተወሰደ ለተመጋቢው አይታይም። ምግብ ቤቶች ቆሮሶ ወይም ናይል ፐርች እያሉ እንዳያቀርቡት፣ የዓሣው ስም በአማርኛ በማሸጊያው ላይ በጉልህ ይጻፍ። ተመጋቢው የሚበላውን የማወቅ መብት አለው፤ በኋላ ቢደርስበትም ዳግመኛ አያምንዎትም።

ሦስተኛ ምላሽ

ከቻሞና ከሐዋሳ ዓሣ እያመጣሁ አከፋፍላለሁ። የእኛ ገበያ ትልቁ ጠባይ ዓመቱን ሙሉ እኩል አለመሆኑ ነው። በጾም ዓሣ ስለመብላት አማኞች አንድ አቋም ባይኖራቸውም፣ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ፍላጎቱ ከሐይቆቹ ምርት በላይ ይሆናል፤ ከፋሲካ በኋላ ግን ሰው ወደ ሥጋው ይመለሳል። ኮንቴይነርዎ በግንቦት ከደረሰ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር እያስነሱ ለወራት ማቀዝቀዝዎ ነው። ያ ወጪ ፕሮፎርማው ላይ የለም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዕቃው ቀስ ብሎ በተሸጠ መጠን ቀጣዩን ለማዘዝ የሚያስፈልገው ብር ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ 25 ቶኑን ብቻዎን አይሸከሙት፤ የራሳቸው ማቀዝቀዣ ካላቸው አከፋፋዮች ጋር ተካፍለው፣ ከጭነቱም ገሚሱን ቅርፊት ያለው ቲላፒያ አድርገው ቢያዙ ይሻላል።

የጠያቂው መልስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ቅርፊቱ የተነገረኝን አላውቅም ነበር፤ አቅራቢው ፓንጋሲየሱን በቲላፒያ ለውጦ አዲስ ፕሮፎርማ በተጣራ ክብደት እንዲልክልኝ ዛሬ ጽፌለታለሁ። ጭነቱን የሚካፈሉኝ ሁለት አከፋፋዮችም እያነጋገርኩ ነው። ኮንቴይነሩ ጅቡቲ የሚደርሰው በጥር አጋማሽ ቢሆን ለዐቢይ ጾም ይደርሳል?

ሦስተኛው ምላሽ ሰጪ

ጾሙ የካቲት ውስጥ ሲገባ ወረቀቱ ካለቀ ይደርሳል፤ ሆኖም የሆቴሎቹን ትእዛዝ ከአሁኑ በጽሑፍ ይቀበሉ።