ዊክ የምግብ ዝርዝሩን ትቶ ካሽ ይስጥ ወይ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንዲት እህታችን "ዊክ የምንገዛውን እየቆጠረ ከሚያስጨንቀን ለምን ገንዘቡን አይሰጠንም?" ብላ ጠይቃ ነበር። መልሱ ስለበዛ ለብቻው እንከራከርበት። ለማያውቁት ባጭሩ፦ ዊክ የአሜሪካ መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ነፍሰ ጡሮች፣ አራሶች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና አምስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች የሚሰጠው የምግብ ድጋፍ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ተፈቅዶ በ1975 ቋሚ ሆነ። ዛሬ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጠቀምበታል። እንደ ፉድ ስታምፕ (ሌላው የመንግሥት የምግብ መግዣ ካርድ) ደስ ያላችሁን ምግብ አትገዙበትም። ወተት፣ እንቁላል፣ ሲሪያል፣ ባቄላና ምስር፣ ሙሉ እህል ዳቦ፣ ፍራፍሬና አትክልት፣ ለሕፃን ፎርሙላ (የጡት ወተት ምትክ)። ዓይነቱም መጠኑም ተለይቶ ነው። መሳደብ የለም። ቀጥሉ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሱቅ ውስጥ የሚደርሰውን ልንገራችሁ። ትንሿ ጋሪ ላይ ታለቅሳለች፣ ትልቁ ልብሴን ይጎትታል። ካሸሯ ዳቦውን ስካን አደረገች፣ እምቢ አለ። ከሚፈቀደው በጥቂት አውንስ ይበልጣል። ሲሪያሉም እምቢ አለ፤ ሳጥኑ ያው ነው፣ ጣዕሙ ግን ሌላ ነው። ሰልፉ ከኋላዬ ረዝሟል። "ሄደሽ ቀይሪ" አለችኝ። ሁለት ልጅ ይዤ የት ነው የምሄደው? ትቼው ወጣሁ። ደግሞ እኔ ቤት ሲሪያል ማን ይበላል? ልጆቼ የሚበሉት ገንፎ ነው። ገንዘቡን ቢሰጡኝ ሀበሻ ሱቅ ገብቼ ጤፍና ሽሮ እገዛበት ነበር። እናት ናት ተብዬ ስታመን ምን ይጎዳል?

አባት፣ አሌክሳንድሪያ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ። በ2021 መንግሥት ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በወር 300 ዶላር በቀጥታ ባንካችን ያስገባ ነበር። ከጁላይ እስከ ዲሴምበር። ያን ዓመት የልጆች ድህነት፣ የመንግሥት ድጋፍን በሚቆጥረው መለኪያ፣ ወደ 5.2 በመቶ ወረደ። ክፍያው ሲቆም በማግስቱ ዓመት ወደ 12.4 በመቶ ዘለለ። ያኔ የዳቦ አውንስ የቆጠረ ሰው የለም። ወላጅ ለልጁ የሚያስፈልገውን ያውቃል። ድሃ ሲሆን ብቻ ነው "ምን እንደምታበላ እኛ እንንገርህ" የሚባለው።

የዊክ ክሊኒክ ሠራተኛ፦ እኔ ካሹን እቃወማለሁ። እናቶችን ስለማላምን አይደለም። ተራ በተራ ላስረዳ።

ክሊኒክ ስትመጡ ልጁን እንመዝናለን፣ ቁመቱን እንለካለን፣ ጣቱን ወግተን ደሙን እናያለን። አንድ ዓመት ከምናምን የሆነው የሀበሻ ልጅ ሄሞግሎቢኑ (የደም ማነስ መለኪያው) ከ11 በታች ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እናት ትደነግጣለች። "በደንብ ይበላል እኮ!" ትላለች። ምን ይበላል? ቀኑን ሙሉ ወተት በጡጦ፣ ጠዋትና ማታ ሻይ በዳቦ። ወተት ሆድ ይሞላል፤ ብረት ግን የለውም ማለት ይቻላል። ሻይ ደግሞ ከሌላው ምግብ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል። ይኼን ለመናገር አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ልጁን ይቀይረዋል። ያቺ እናት ግን እኔ ጋ የመጣችው ለምክር አይደለም። ካርዷ እንዲሞላላት ነው። ካሹ በቀጥታ ባንክ ቢገባ ትመጣለች? እኔ እጠራጠራለሁ።

ሁለተኛው ፎርሙላ ነው። እያንዳንዱ ስቴት ፋብሪካዎችን አጫርቶ ላሸነፈው አንድ ድርጅት ውል ይሰጣል። በ1989 የወጣ ሕግ ነው የሚያስገድደው። ያሸነፈው ድርጅት ከዋጋው አብዛኛውን ለመንግሥት ይመልሳል። በአገር ደረጃ በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በዚያ ገንዘብ ሌሎች እናቶች ይገባሉ። ካሽ ካደረጋችሁት ይኼ ቅናሽ የለም። እያንዳንዷ እናት በሱቅ ዋጋ ትገዛለች።

አባት፣ አሌክሳንድሪያ፦ የአንድ ድርጅት ውል ምን እንዳመጣ በ2022 አይተናል። ሚሺጋን ስተርጂስ ያለው የፎርሙላ አምራቹ የአቦት ፋብሪካ በየካቲት ሲዘጋ፣ አቦት ውል በያዘባቸው ስቴቶች ያሉ እናቶች ካርዳቸውን ይዘው ባዶ ሼልፍ ፊት ቆሙ። ሌላ ብራንድ በቀረበት ሱቅ እንኳ መጀመሪያ ላይ ካርዱ አልቀበልም አለ። ስቴቶች ልዩ ፈቃድ እየጠየቁ ነው ያላሉት፤ ኮንግረስ ሕግ እስኪያወጣለት ሜይ ደረሰ። ካሽ ያላት እናት ግን ያገኘችውን ትገዛ ነበር።

የዊክ ክሊኒክ ሠራተኛ፦ እሱን አልክድም። የከፋ ጊዜ ነበር። ግን ያኔ ካሽ የያዘውም ሰው ከስቴት ስቴት እየነዳ ነው የፈለገው። የጠፋው ዕቃው ነው።

ጡረታ የወጡ አባት፣ ዲሲ፦ ልጆቼ፣ እኔ መነሻው ራሱ አይገባኝም። እኛ ስንመጣ ሁለት ሥራ ሠርተን ነው ያሳደግናችሁ። ወገኖቻችን ከመንግሥት እጅ መጠበቅ ለመዱ። በካሽም ሆነ በወተት፣ ልመና ልመና ነው።

የቤት ለቤት ነርስ ረዳት፣ ሃያትስቪል፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። እኔ ሠራተኛ ነኝ፣ ባለቤቴም ኡበር ይነዳል። ሁለታችንም ታክስ እንከፍላለን። ዊክ ሥራ ፈት ይሁን አይልም። ገቢ ከድህነት መስመሩ እስከ 185 በመቶ ነው። በ2025 ለአራት ሰው በዓመት ወደ 59 ሺህ ዶላር ነበር። የተፀነሰው ልጅም እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠራል። እርስዎ ባሳደጉበት ዘመን የቤት ኪራይ ስንት ነበር? አሁን ደመወዛችን ኪራይ ከፍሎ ለልጅ እንቁላል ሲገዛ ይጨርሰናል። ልጄ ደሟ እንዲሞላ መፈለግ ልመና አይደለም።

ግሪን ካርድ እየጠበቀች ያለች፦ እኔ ክርክሩን ትቼ ሌላ ልጠይቅ። ባለቤቴ "ካሽ ከሆነ ፐብሊክ ቻርጅ (የመንግሥት ጥገኛ) ብለው ግሪን ካርዱን ይከለክሉናል" ብሎ ከልክሎኛል። የአሁኑስ ችግር አለው?

የዊክ ክሊኒክ ሠራተኛ፦ እህቴ፣ በ2019 ወጥቶ በነበረው ጥብቅ ደንብ እንኳ ዊክ አልተቆጠረም። በ2022ቱም አልተቆጠረም። ለራስሽ ጉዳይ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቂ፣ ወሬ ሰምተሽ ግን አትቅሪ። ባለቤትሽ ካሹን መፍራቱ ግን መሠረት አለው። ፐብሊክ ቻርጅ ሲመዘን ለኑሮ መደጎሚያ የሚሰጥ የመንግሥት ካሽ ይታያል። ዊክን ካሽ አድርጉት የምትሉ ይኼንንም አስቡበት።

ሴፍቲኔት ላይ የሠራሁ፣ ደሴ፦ ከአገር ቤት አንድ ነገር ልጨምር። እኛም ጋ በካሽ ወይስ በእህል የሚለው ክርክር ሴፍቲኔት (ድሃ ቤተሰብ የሕዝብ ሥራ ሠርቶ ካሽ ወይም እህል የሚያገኝበት ፕሮግራም) በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ አለ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከሥራው ነፃ ሆና ድጋፉን ታገኛለች። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ ካሽ የሚቀበለው ሰው "እህሉን ስጡን" ማለት ጀመረ። ብሩ ያው ነው፣ ጣሳው ግን ቀነሰ። እናንተ ጋስ እንዴት ነው?

የቤት ለቤት ነርስ ረዳት፣ ሃያትስቪል፦ ወንድሜ፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። በ2025 መጀመሪያ እንቁላል ደርዘኑ ከ6 ዶላር በላይ ሲገባ ካርዴ ላይ ያው አንድ ደርዘን ነበር። ጎረቤቴ በፉድ ስታምፕ ስትገዛ ስትቀንስ አየኋት። ለፍራፍሬና አትክልት የሚሰጠን ብቻ ነው በዶላር የተቆረጠው፤ በ2025 ለልጅ በወር 26፣ ለምታጠባ 52 ዶላር ነበር። ከኮሮና በፊት ለልጅ 9 ዶላር እንደነበር አስቡ። እኔ የምለው ይኼ ክፍል ይስፋ፣ ሌላው በመጠን ይቆይ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እሺ፣ የእንቁላሉ አሳምኖኛል። ጤፉስ?

የዊክ ክሊኒክ ሠራተኛ፦ ጤፍ በ2024 በወጣው የፌዴራል ደንብ ከሙሉ እህሎች ዝርዝር ውስጥ በስሙ ገብቷል። ግን ስቴቱ ነው የሚመርጠው። ጠያቂ ከሌለ አይመርጥም። ስለዚህ ለስቴቱ ዊክ ቢሮ ጻፉ። እኔ ክሊኒክ ሆኜ "ጠይቀዋል" የምለው ስማችሁ ሲኖር ነው። ሌላም አለ። ዊክ በየዓመቱ ኮንግረስ በሚመድበው ይኖራል። ኦክቶበር 2025 በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ መንግሥት ሲዘጋ ከታሪፍ (የገቢ ዕቃ ቀረጥ) ገቢ ተወስዶ ነው የዳነው። ሁለቱም ፓርቲዎች የሚደግፉት የሕፃን ምግብ ስለሆነ ነው። ካሽ ሲባል መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

አባት፣ አሌክሳንድሪያ፦ የፎርሙላው ሒሳብ ገብቶኛል። ለአራስ ሕፃን ዝርዝሩ ይቆይ። ከአንድ ዓመት በላይ ላሉት ግን ፎርሙላም ቅናሽም የለም ማለት ይቻላል። ሰው ከዊክ የሚወጣውም ያኔ ነው። ልጁ አንድ ዓመት ሲሞላ ወላጅ ቀጠሮውንና ሱቁን አይቶ ይተወዋል። ለነሱ አንድ ካውንቲ ውስጥ ካሽ ይሞከር። ምርመራው ይቀጥል፤ ልጁን ያስመረመረ ገንዘቡን ያግኝ።

የዊክ ክሊኒክ ሠራተኛ፦ ጣቱ ተወግቶ ደሙ የሚታይ ከሆነ፣ ለነዚያ ልጆች ሙከራውን አልቃወምም። መጠኑ ግን ከዋጋ ጋር አብሮ ይውጣ። ወንድማችን ከደሴ ያለው እንዳይደርስ።

አወያይ፦ ለስቴቱ ቢሮ ስለ ጤፍ የሚጻፈውን ደብዳቤ ማን ያርቅቅ? በእንግሊዝኛ ይሁን። ከታች ስማችሁን አስገቡ።