ቡርጅ ኸሊፋ፦ 124ኛው ፎቅ ይበቃል ወይስ 148ኛው?

ጠባሴ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደብረ ብርሃን ነው። ታኅሣሥ ላይ እናቴን ይዤ ዱባይ እህቴ ጋ ልንሄድ ነው። ቡርጅ ኸሊፋ ላይ ሳንወጣ መመለስ አንፈልግም። ትኬቱ ግን ለ124ኛና ለ148ኛ ፎቅ ተለይቶ ነው የሚሸጠው፤ የዋጋው ልዩነትም ቀላል አይደለም። ያዋጣል? በስንት ሰዓት ብንገባ ይሻላል? እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ሊፍቱ ጆሮዬን ይደፍነዋል፣ ትንፋሽም ያጥረኛል ብላ ትሰጋለች። የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

ጣርማ በር

ከእናትህ ስጋት ልጀምር። የትንፋሹን ነገር ጨርሶ አያስቡት። የዱባይ መሬት ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አይልም፤ ሕንፃው እስከ ጫፉ 828 ሜትር ነው። እኛ ቆላ የምንላት ሸዋ ሮቢት እንኳ ከ1,200 ሜትር በላይ ላይ ናት። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ለኖረ ሰው ያ ከፍታ ለሳንባ ምንም አይደለም።

ጆሮ ግን እውነት ነው። ሊፍቱ በሰከንድ 10 ሜትር ነው የሚወጣው፤ 452 ሜትር ላይ ያለው 124ኛ ፎቅ ለመድረስ አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ጆሮን የሚደፍነው የአየር ግፊት ለውጥ ነው፤ እዚያም ያው ነው፣ የሚለየው በአንድ ጊዜ መምጣቱ ነው። በሩ እንደተዘጋ ምራቅ መዋጥ ወይም ማዛጋት ይጀምሩ፤ እስኪደፈን አይጠብቁ። ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ አየር ወደ መካከለኛው ጆሮ ተመልሶ መግባት አለበት፣ ጆሮን ከጉሮሮ የሚያገናኘው ቧንቧ ደግሞ በቀላሉ አይከፈትም። ጉንፋን ከያዛቸው ቀኑን ለውጡ።

ወደ ፎቁ ስንመጣ፣ 148ኛው 555 ሜትር ላይ ነው። በጠራ ሰማይ ከ124ኛው አድማሱ 76 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከ148ኛው 84። ዱባይ ላይ ግን አቧራውና የባሕሩ እርጥበት ተደርበው ያን ያህል ርቀት የሚታይበት ቀን ጥቂት ነው። ለእይታ ብቻ ከሆነ 124ኛው ይበቃል። በዚያው ትኬት 125ኛውም ይታያል።

አንጎለላ

ከፎቁ ይልቅ ሰዓቱ ነው የሚወስነው። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የመግቢያ ሰዓት ነው፤ የእኛ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። «11:00» የሚል ትኬት በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። 11 ሰዓት መስሎት አመሻሽ ላይ የሄደ ሰው ትኬቱ ተቃጥሏል። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት የምትፈልግ ከሆነ «17:00» ወይም «5:00» ሆኖ የከሰዓት ምልክት ያለበትን ምረጥ። ዱባይ ከእኛ አንድ ሰዓት እንደምትቀድምም አትርሳ፤ የእጅ ሰዓት ካሰርክ እንደደረስክ አስተካክለው።

በታኅሣሥ ጀምበር የምትጠልቀው 11 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት መግቢያው ከሌላው ጊዜ ይወደዳል፤ ትኬቱም ቀድሞ ያልቃል። ከሕንፃው ከራሱ ድረ ገጽ ላይ ዋጋው የሚጨምርበትን ሰዓት እይና ከእሱ ቀደም ያለውን የመጨረሻ መግቢያ ያዝ። ከላይ ሆናችሁ ቀኑን፣ መጥለቂያውንና የከተማውን መብራት ሦስቱንም ታያላችሁ። ለመጥለቂያው ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚያይ ቦታ ቀድማችሁ ያዙ፤ በዚያ ወር ጀምበር የምትወርደው ሸራ ከሚመስለው ሆቴል፣ ከቡርጅ አል አረብ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ነው። መሬት ላይ ከጠለቀች በኋላም እናንተ ጋ 3 ደቂቃ ያህል ትቆያለች።

ታኅሣሥ 22 አካባቢ አትሂዱ። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ዋዜማ ነው፤ በዙሪያው ያሉ መንገዶችና የሜትሮ ጣቢያው አመሻሹ ላይ ይዘጋሉ፣ ሕዝቡም መፈናፈኛ ያሳጣል። ቅዳሜና እሑድንም ብትተዉ ይሻላል።

ጓሳ

ጣርማ በር ስለ እይታው ያለው ልክ ነው፤ ግን ጥያቄው ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ነው። እዚያ ሰው የሚደክመው ፎቁ ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ነው። ከሜትሮ ጣቢያው የሕንፃው መግቢያ እስካለበት የገበያ ማዕከል፣ እስከ ዱባይ ሞል፣ ያለው ድልድይ 800 ሜትር ያልፋል፤ የሚንቀሳቀስ ወለል ቢኖረውም ቀላል እግር ጉዞ አይደለም። ከዚያ ሞሉ ውስጥ ወደ ታችኛው ወለል ወርዶ መግቢያውን መፈለግ አለ። ከዚያ ፍተሻ፣ ከዚያ የሊፍት ወረፋ። ስለዚህ እስከ ሞሉ በር በታክሲ ሂዱ፤ ሞሉ ውስጥ ካለው የእንግዳ መስተንግዶም ዊልቸር ጠይቁ። ዊልቸር ይዞ መውጣት ይቻላል።

ብዙ ሰው የማያስበው የመውረጃውን ወረፋ ነው። ጀምበር እንደጠለቀች ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ሊፍቱ ይዞራል፤ ቆሞ መጠበቁ ረጅም ነው። ወይ ጥቂት ቀደም ብላችሁ ውረዱ፣ ወይ ሰዉ እስኪቀንስ ቆዩ። የ148ኛው ትኬት የሚያዋጣው ለዚህ ነው፦ ሰዉ ያንሳል፣ መቀመጫና መስተንግዶ አለው፣ ሲወረድም 125ኛውና 124ኛው ይታያሉ። አቅም ካለ ለእናትህ እሱን እመርጣለሁ። ከሌለ 124ኛውን በጠዋት፤ ወረፋው ያኔ ቀላል ነው። በጠዋት ከገባችሁ በክረምታቸው አንዳንድ ቀን ከታች ጉም ይተኛና ፎቆቹ ብቻ ብቅ ብለው ይታያሉ፤ ልክ ከምኒልክ መስኮት ወደ ቆላው ሲታይ እንደሚሆነው።

ጠባሴ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ዊልቸሩን አላሰብኩትም ነበር። ፎቶ በስልክ ነው የምናነሳው፤ መስታወቱ አያስቸግርም?

አንጎለላ

ያስቸግራል፣ በተለይ ሲመሽ። የውስጡ መብራት መስታወቱ ላይ ያንጸባርቅና ከከተማው ይልቅ የራስህን ፊት ታነሳለህ። ፍላሹን አጥፋ፤ ሌንሱን መስታወቱ ላይ ለጥፍ፤ ዙሪያውን በጥቁር ሻርፕ ወይም በጃኬት ሸፍን። ነጭ ነጠላ ለዚህ አይሆንም፣ ራሱ ያንጸባርቃል። 124ኛው ላይ ወደ ውጭ የሚወጣ በረንዳ አለ፤ እዚያ በመስታወቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ማንሳት ይቻላል። ነፋስ ስላለ ስልኩን በማንጠልጠያ አንገትህ ላይ እሰረው፤ የእናትህንም ነጠላ ጫፉን ቋጥርላቸው። ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያና ትልቅ ሻንጣ አያስገቡም፤ እህትህ ቤት ትታችሁ ውጡ።