የራሴን የቤት ኔትወርክና የድሮውን መደበኛ ስልክ ከፋይበር መስመር ጋር መጠቀም እችላለሁን?

ጠያቂ፦ የከዚራ ነዋሪ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ከዚራ ውስጥ፣ ወላጆቼ ለብዙ ዓመታት በኖሩበት ግቢ ነው። ባለፈው ሳምንት በመዳብ ሽቦ ይመጣ የነበረው መስመራችን ተነሥቶ ፋይበር (ብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ክር) እስከ ሳሎናችን ድረስ ገባልን፤ በፍጥነቱ በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም። መስመሩን የዘረጉት ባለሙያዎች አንዲት ነጭ ሳጥን በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሰቅለው፣ ከጀርባዋ የተለጠፈውን የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል አሳይተውኝ ሄዱ። እኔ ግን ከሦስት ዓመት በፊት ቤቱን በራሴ ወጪ ኬብል አስዘርግቼለት ነበር። ከራሴ ራውተር ተነሥቶ ወደ አራት ክፍሎች የሚሄድ ኬብል፣ ኬብሎቹን የሚያገናኝ ባለ ስምንት ቀዳዳ ስዊች፣ የግቢው ካሜራዎች መቅጃ፣ እንዲሁም ወንድሜ ለሱቁ ደረሰኝ የሚያትምበት ፕሪንተር አሉ፤ ሁሉም ቋሚ የኔትወርክ አድራሻ ተሰጥቷቸዋል። አሁን ይህን ሁሉ ትቼ በሳጥኗ ዋይፋይ ብቻ መኖር ይኖርብኛል ወይስ የራሴን እንዳለ ማቆየት የሚቻልበት መንገድ አለ?

ሁለተኛው ጥያቄ የእናቴ ነው። በ025 የሚጀምረውን ቁጥራችንን ጅቡቲ ያሉት ዘመዶቻችን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ሳሎን ቁልፍ ያለው ስልክ፣ እናቴ መኝታ ቤት ደግሞ ቁጥሩ በጣት የሚሽከረከር አሮጌ ስልክ አለ፤ ሁለቱም በግድግዳው ውስጥ በሚያልፍ አንድ ሽቦ የተያያዙ ናቸው፤ አሁን ሁለቱም ጭጭ ብለዋል። ቀድሞ መብራት ሲጠፋ እንኳ ይህ ስልክ ይሠራ ነበር። ይመለስ ይሆን?

መልስ 1፦ ሳቢያን (ድሬዳዋ)

ወንድሜ፣ ብዙ አይጨነቁ። ታይዋን ገበያ ገብተው ጠንካራ ዋይፋይ ያለውን የፋይበር ሳጥን ይግዙና የፋይበሩን አረንጓዴ ጫፍ ከአሮጌው ነቅለው ወደ አዲሱ ይሰኩት። እኔ አልሞከርኩትም፤ ነገር ግን ጫፉ ልክ እስከሆነ ድረስ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

መልስ 2፦ የለገሃር ኔትወርክ ሠራተኛ (ድሬዳዋ)

ይቅርታ ይደረግልኝና የሳቢያኑ ወንድማችን ምክር አይሠራም፤ ከዚያም አልፎ ጎረቤት ሊያስቸግር ይችላል። የፋይበሯ ሳጥን እንደ ራውተር ከሱቅ ገዝተው የሚቀያይሯት ዕቃ አይደለችም። አንድ የፋይበር ክር ከአገልግሎት ሰጪው ጣቢያ ከወጣ በኋላ መንገድ ላይ በመስታወት ማከፋፈያ ተከፍሎ ብዙውን ጊዜ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይዳረሳል። ወደ ቤት የሚመጣው ብርሃን ለሁሉም ይደርሳል፤ ከቤት ወደ ጣቢያው የሚመለሰው ግን በተራ ነው፤ እያንዳንዷ ሳጥን የምትናገረው ጣቢያው በሰጣት ቅጽበት ብቻ ነው። ለዚህም ጣቢያው ሳጥኗን በመለያ ቁጥሯ መዝግቦ ያውቃታል። ያልተመዘገበች ሳጥን ቢሰኩ በአብዛኛው የምታገኙት ቀይ መብራት ወይም ሳይቋረጥ ብልጭ የሚል አረንጓዴ መብራት ነው፤ ተበላሽታ ያለ ተራዋ ብርሃን የምትለቅ ሳጥን ከሆነች ደግሞ የመንደሩን መስመር በሙሉ ታውካለች። እውነት ነው፣ በጀርመን ከኦገስት 2016 ጀምሮ ደንበኛው የራሱን መሣሪያ መስመሩ ላይ እንዲያያይዝ ሕግ ይፈቅድለታል፤ እዚያም ቢሆን መለያ ቁጥሩ መመዝገቡ አይቀርም። ጫፏንም ያለ ምክንያት አትንቀሏት። በዓይን የማይታይ ጨረር ስለሆነ ወደ ውስጥ መመልከት አይገባም፤ በጣት የተነካች ጫፍ ደግሞ ከቅባቱ የተነሣ ብቻ መስመር ታዳክማለች።

እንግዲህ ወደ ጠያቂው ልመለስ። ሳጥኗ የእነሱ ናት እንበል፤ ከሳጥኗ ወዲህ ያለው ሁሉ ግን የእርስዎ ነው፤ ምንም ማፍረስ አያስፈልግዎትም። ቀላሉ መንገድ ከሳጥኗ የኔትወርክ ቀዳዳ አንድ ኬብል አውጥተው በራስዎ ራውተር ላይ «ዋን» የሚል ጽሑፍ ባለበት ቀዳዳ መሰካት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ፤ ሳጥኗም ራውተርዎም 192.168.1.1 የሚል አድራሻ ይዘው ከተገኙ ራውተርዎ የትኛው ውስጥ፣ የትኛው ውጭ እንደሆነ መለየት ስለሚያቅተው ኢንተርኔት አይገባም። የእርስዎ ካሜራና ፕሪንተር ቋሚ አድራሻ ስላላቸው የራስዎን አይንኩ፤ የሳጥኗን ወደ 192.168.2.1 ይቀይሩ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳጥኗ መቀየሯን እንኳ ሳያውቅ ይቀጥላል። በዚህ አሠራር የዕቃዎቹ አድራሻ መጀመሪያ በራውተርዎ፣ ቀጥሎ በሳጥኗ፣ ሁለት ጊዜ ይተረጎማል፤ ለፊልም፣ ለቪዲዮ ጥሪና ለሱቅ ሥራ ምንም አይጎዳም፤ ካሜራውን ከውጭ በቀጥታ በአይፒ አድራሻ የሚያዩ ከሆነ ግን ከውጭ ወደ ካሜራው የሚገባበትን መንገድ በሳጥኗም በራውተሩም ላይ መክፈት ይኖርብዎታል። በአምራቹ መተግበሪያ በኩል የሚያዩ ከሆነ ግን በአብዛኛው አያስፈልግም።

ይህ ካልጣመዎ አገልግሎት ሰጪውን ሳጥኗን ብሪጅ ሞድ ላይ እንዲያደርግልዎ ይጠይቁ። ያን ጊዜ ሳጥኗ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ከመለወጥ በቀር ሥራ አይኖራትም፤ የኢንተርኔቱን መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል የሚይዘው የእርስዎ ራውተር ይሆናል። እኔ በግሌ ለመኖሪያ ቤት የመጀመሪያው ይበቃል ባይ ነኝ፤ ችግር በመጣ ጊዜ ከባለሙያ ጋር ለመነጋገር ይቀላል። በምንም ምክንያት ግን «ሪሴት» የምትለዋን ቀዳዳ በመርፌ እንዳትነኩ፤ የስልኩም ቅንብር አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

መልስ 3፦ ጡረተኛው መስመረኛ (ድሬዳዋ)

ልጄ፣ ስለ ስልኩ እኔ ልናገር፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በመዳብ ሽቦ ላይ ነውና።

መብራት ሲጠፋ ስልካችሁ ይሠራ የነበረው ኤሌክትሪኩን ከቤታችሁ ስላልወሰደ ነው። 48 ቮልት ከጣቢያው ባትሪ ተነሥቶ በዚያው ሁለት ሽቦ ይመጣ ነበር፤ ደወል ሲጠራ ደግሞ ከዚያ በላይ ከፍ ይላል። ግንድ ላይ ተሰቅዬ ሽቦ በእጄ እንደያዝኩ ሰው የደወለበትን ቀን ክንዴ አይረሳውም። ፋይበር ግን መስታወት ነው፤ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያመጣም። ስለዚህ ደወሉንም፣ የመስመሩንም ድምፅ ከእንግዲህ የምትፈጥረው ያቺ ሳጥን ናት፤ እሷ ደግሞ ከቤታችሁ ሶኬት ትጠጣለች።

ከሳጥኗ ግርጌ ጠበብ ያለች፣ «ቴል» ወይም «ፎን» የተጻፈባት ቀዳዳ ትኖራለች። በመጀመሪያ ቁጥራችሁ ወደ ሳጥኗ እንዲዛወር አመልክቱ፤ ይህ ካልተደረገ ቀዳዳዋ ባዶ ናት። ከዚያ የሳሎኑን ስልክ በቀጥታ ሰክታችሁ ሞክሩ። ከሠራ በኋላ የግድግዳውን ሽቦ ማያያዝ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን አደራ፣ አስቀድሞ ከግንድ የሚመጣው አሮጌ መስመር ከመግቢያው ሳጥን ላይ ፈጽሞ ይነቀል። በዚያ ሽቦ ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ ካለ የሳጥኗን የስልክ ክፍል ያቃጥላታል። ሁለት ስልክ ትችላለች፤ አምስትና ስድስት ካደረጋችሁባት ግን ደወሉ ይደክማል።

ስለ መብራቱ ደግሞ አንድ መልካም ነገር አለ። በጣቢያውና በቤታችሁ መካከል ኤሌክትሪክ የሚፈልግ መሣሪያ የለም፤ ማከፋፈያው እንኳ ዝም ያለ መስታወት ነው። ጣቢያው የራሱ ባትሪና ጄኔሬተር ስላለው፣ መንደሩ በሙሉ ቢጨልም የእናንተን ሳጥን ብቻ ካበራችሁ ስልኩ ይሠራል። ሳጥኗ 12 ዋት ገደማ ትወስዳለች ብንል፣ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛልና በወረቀት 7 ሰዓት፣ በተግባር 5 ሰዓት ያህል ያቆያታል። ባትሪውን ግን የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አታስቀምጡት። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ የድሬዳዋን ግንቦት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ የመዳቡ ስልክ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2027 መጨረሻ እንዲዘጋ ታቅዷል፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍኮምም በቤት ስልክ ብቻ ለሚተማመኑ ደንበኞች፣ መብራት ቢጠፋ ቢያንስ ለ1 ሰዓት የአደጋ ጥሪ ማድረግ የሚችሉበት መላ እንዲዘጋጅላቸው ይጠብቃል። 1 ሰዓት ለእኛ ምን ይረባል!

መልስ 4፦ የጀጎል ሰው (ሐረር)

ጀጎል ውስጥ ያለው ቤታችን ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ የሳጥኗ ዋይፋይ በተለይም በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ከሳሎን ወደ ጓዳ አይዘልቅም። እኔ የራሴን ራውተር ጓዳ አስገብቼ፣ አድራሻ ማደሉን አጥፍቼበት፣ ከሳጥኗ በኬብል አገናኝቼ እንደ ዋይፋይ ማሠራጫ ብቻ እጠቀምበታለሁ። ቋሚ አድራሻ ያለው ዕቃ ለሌለው ሰው ይህ ከሁሉም ይቀላል። ለጋሼ መስመረኛው ደግሞ ከአክብሮት ጋር፣ ሽቦው የተጀመረው ከእኛ መሆኑን ላስታውስ፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1894 የስልክ መስመር መዘርጋት የተጀመረው ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ነበር።

ጠያቂ፦ የከዚራ ነዋሪ (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሳጥኗን አድራሻ ቀይሬ የራሴን ራውተር አገናኘሁ፤ ካሜራዎቹም ፕሪንተሩም ሳይነኩ ቀጥለዋል። ቁጥራችን በአራተኛው ቀን ተዛወረልን፤ ጋሼ እንዳሉኝ ከግንድ የሚመጣውን ሽቦ አስነቅዬ የግድግዳውን ከሳጥኗ ጋር አያያዝኩት። ትናንት ማታ ቤታችን መብራት ጠፍቶ ሳጥኗ በባትሪ እየሠራች ሳለ፣ ጅቡቲ ያለችው አክስቴ ደውላ ሁለቱም ስልኮች ጮኹ። አንድ ነገር ብቻ አልተሳካም። የሚሽከረከረው ስልክ ይጠራል፣ ያነጋግራልም፤ ቁጥር ሲዞርበት ግን የመስመሩ ድምፅ ዝም ብሎ ይቀጥላል።

ጡረተኛው መስመረኛ፦

እሱ ብልሽት አይደለም፤ ብዙዎቹ ሳጥኖች የቁልፍ ድምፅ እንጂ የመሽከርከሪያውን ምት አይቆጥሩም። በስልኩና በሳጥኗ መካከል ገብቶ ምቱን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ ይሸጣል፤ እዚህ ግን አይቼው አላውቅም።

የከዚራ ነዋሪ፦

ለእናቴ ነገርኳት። ለመደወል ሳሎን እመጣለሁ፣ ለመስማት ግን የእኔው ይበቃኛል ብላ ስልኩን ወደ ቦታው መለሰችው።